የድሮ ፒክአፕ መብራት ሲደክም፦ አምፖል ከመግዛት በፊት

ማታ ከከተማ ወጥቶ በድሮ ፒክአፕ የነዳ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። አጭር መብራት ላይ ከፊት የሚታየው ትንሽ ቢጫ ብርሃን ነው። ከዚያ ወዲያ ጨለማ። መንገዱ ላይ ደግሞ ከገበያ የሚመለስ ሰው አለ፣ ከብት አለ፣ ከኋላው አንጸባራቂ የሌለው ጋሪ አለ። ደካማ መብራት ሰው ያስገድላል።

እዚህ የማወራው በተለይ በፈረንጆቹ 1980ዎቹና 1990ዎቹ ስለተሠሩት ሃይሉክሶችና መሰሎቻቸው ነው። አብዛኞቹ ኤችፎር (H4) የሚባለውን ባለ ሦስት እግር የሃሎጅን አምፖል ይጠቀማሉ። ስለነሱ መብራት የሚነገረው ምክር ብዙ ነው። ግማሹ ገንዘብ ያስወጣል እንጂ መንገድ አያሳይም።

«አምፖሉ ደክሟል፣ 100 ዋት አስገባበት»

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። መደበኛው ኤችፎር 60/55 ዋት ነው፤ 60ው ለረጅም፣ 55ቱ ለአጭር። የመኪናው ሽቦና ማብሪያ የተሠሩት ለዚህ ጭነት ነው። ሁለት አምፖሎች አጭር ላይ ሲበሩ 9 አምፔር አካባቢ ይስባሉ። 100/90 ዋት ሲገባ 15 አምፔር ይሆናል። ይህ ሁሉ የሚያልፈው ሠላሳ ዓመት ባለፈው ሽቦና መሪው ሥር ባለው ማብሪያ ውስጥ ነው። የአምፖሉ ሶኬት ይቀልጣል፣ ማብሪያው ይቃጠላል፣ ሲብስም እሳት ይነሳል።

ደግሞ የታሰበው ብርሃን እንኳ ሙሉ ለሙሉ አይገኝም። በአሮጌ ሽቦ ብዙ አምፔር ሲያልፍ በመንገድ ላይ የሚጠፋው ቮልት ይጨምራል። ዋናው ሚስጥር ያለውም ቮልቱ ላይ ነው። የሃሎጅን አምፖል ብርሃን ቮልት ሲቀንስ እኩል አይቀንስም፤ በጣም ፈጥኖ ይወርዳል። 10 በመቶ ቮልት ብታጡ 30 በመቶ ገደማ ብርሃን ታጣላችሁ።

ስለዚህ መጀመሪያ ለኩ። ሞተሩን አስነሱ፣ መብራቱን አብሩ። በቴስተር ባትሪው ላይ ያለውን ቮልት እዩ፤ ደህና ከሆነ 14 አካባቢ ነው። ከዚያ ሶኬቱ ሳይነቀል፣ አምፖሉ እየበራ፣ በጀርባው በሚሠሩት ሁለት እግሮች መካከል ለኩ። 12.6 ካሳያችሁ 10 በመቶው ሽቦው ላይ ቀርቷል። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት በላይ ከሆነ ሊታከም የሚገባው አምፖሉ ሳይሆን መስመሩ ነው። የዛጉ ተርሚናሎች፣ የላሉ ሶኬቶች፣ በቀለምና በዝገት መሃል የታሰረ የነጋቲቭ ሽቦ፣ ሁሉም ድርሻ አላቸው።

ዘላቂው መፍትሔ ሪሌ ነው፤ በትንሽ ኤሌክትሪክ እየታዘዘ ከባዱን ጭነት የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ። አንድ ለአጭር፣ አንድ ለረጅም። ከባትሪው በ2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ወደ ሪሌው፣ ከሪሌው ወደ አምፖሎቹ። ፊውዙ ባትሪው አጠገብ ይሁን፤ ራቅ ብሎ ከገባ፣ ከሱ በፊት ያለው ሽቦ ከመኪናው አካል ጋር ሲነካካ የሚያድነው የለም። የድሮው ማብሪያ ከዚያ በኋላ ሥራው ሪሌውን ማዘዝ ብቻ ነው፤ ከባዱ ጭነት አይነካውም። ያው 60/55 ዋት አምፖል እንደ አዲስ ሲበራ ታያላችሁ።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ብዙ የድሮ ቶዮታዎች ላይ የመብራት ማብሪያው የሚቆርጠው ፖዘቲቩን ሳይሆን ነጋቲቩን ነው። አምፖሉ ጋ ፖዘቲቭ ይመጣል፣ ነጋቲቩ ደግሞ በማብሪያው በኩል ዞሮ ይመለሳል። ይህን ያላወቀ ኤሌክትሪሺያን ሪሌውን በለመደው መንገድ ሲያስር አልሠራ ይለዋል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ንገሩት፣ ወይም በቴስተር አብራችሁ አረጋግጡ።

«ባትሪው ስለሞተ ነው»

ሞተር ሲነሳ መብራቱን የሚመግበው ዲናሞው ነው። ቆማችሁ ሲደክም፣ ነዳጅ ስትሰጡት ደግሞ ከደመቀ የዲናሞውን ቺንጊያ፣ ራሱን ዲናሞውንና የባትሪውን ተርሚናሎች አሳዩ። ነዳጅ ብትሰጡትም ባትሰጡትም እኩል የሚደክም ከሆነ ግን ወደ ሽቦው ተመለሱ። አዲስ ባትሪ ምንም አይለውጠውም።

«ኤልኢዲ ግጠምና ተገላገል»

ሶማሌ ተራ፣ መለዋወጫ ሱቆቹ ጋ፣ ገብቶ መብራት የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ የሚቀርብለት ይሄ ነው። አዎ፣ ሲበራ ነጭ ነው፣ ዓይን ይስባል። ግን ግድግዳ ላይ ሳይሆን መንገድ ላይ እዩት።

ኤችፎር ውስጥ ሁለት ቀጫጭን ክሮች አሉ። የአጭሩ ክር ሥር ትንሽ የብረት ጽዋ አለች። ብርሃኑ ወደ ላይ እንዳይወጣና ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን እንዳይመታ የምታደርገው እሷ ናት። ከአምፖሉ ጀርባ ያለው አንጸባራቂም የተሠራው ክሩ ያለበትን ቦታ በሚሊሜትር አስልቶ ነው። ርካሽ ኤልኢዲ ይህን ቦታ አይጠብቅም። ብርሃኑ ይበተናል። ከመኪናው አፍንጫ ሥር ያለው አስፋልት ቦግ ይላል፣ ዓይናችሁ ለዚያ ድምቀት ይለምዳል፣ ሩቁ ከበፊቱ ይልቅ ይጨልምባችኋል። ከፊት የሚመጣው ሾፌር ደግሞ ለጥቂት ሰከንድ ምንም አያይም። የሱ መታወር ለእናንተም አደጋ ነው፤ እየመጣ ያለው ወደ እናንተ ነው።

ኤልኢዲ የግድ ከተፈለገ ከነአንጸባራቂው ለኤልኢዲ ተብሎ የተሠራ ሙሉ መብራት ግዙ። በብዙ የድሮ ላንድክሩዘሮችና ላንድሮቨሮች ላይ ያለው ባለ 7 ኢንች ክብ መብራት መደበኛ መጠን ስለሆነ በቀላሉ ይተካል። ስትገዙ ለቀኝ መንገድ የተሠራ መሆኑን እዩ። ኢትዮጵያ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቀኝ ነው የምትነዳው። ለጃፓን ወይም ለእንግሊዝ የተሠራ መብራት ግን ብርሃኑን ከፍ የሚያደርገው በግራ በኩል ነው፤ እኛ ጋ ያ ማለት በቀጥታ ከፊት በሚመጣው ላይ። የአውሮፓ ማረጋገጫ ባለው መብራት ላይ ከምልክቱ (በክብ ውስጥ ካለው E) ሥር ወደ ቀኝ የምታመለክት ቀስት ብቻ ካለች ለግራ መንገድ የተሠራ ነው፤ ተዉት።

«ሰማያዊ መስታወት ያለው አምፖል ይበልጣል»

አይበልጥም። ሰማያዊው ቅብ የብርሃኑን ከፊል ውጦ ያስቀራል። ነጣ ያለ ይመስላል፣ መንገድ ላይ የሚደርሰው ግን ከተራው አምፖል ያንሳል።

«በጥርስ ሳሙና ፈትገው»

መጀመሪያ መስታወት ነው ወይስ ፕላስቲክ? የብዙ ድሮ ፒክአፖች ፊት እውነተኛ መስታወት ነው፤ ቢጫ አይሆንም። የሚጎዳው ጠጠርና አሸዋ ሲበሳሳው ነው፤ ለዚያ ሳሙና ምንም አይፈይድም። ፕላስቲክ ከሆነ የጥርስ ሳሙና ላዩን ትንሽ ያጠራዋል፣ ብዙም ሳይቆይ ግን ይመለሳል። ፀሐይ የበላችው መከላከያ ሽፋኑን ስለሆነ በውሃ ብርጭቆ ወረቀት ከሻካራ ወደ ለስላሳ ተፈትጎ አዲስ የፀሐይ መከላከያ ሽፋን መቀባት አለበት።

ሰዎች የሚረሱት ግን ውስጡን ነው። ከአምፖሉ ጀርባ ያለችው የጎማ መሸፈኛ ስትቀደድ ወይም ስትጠፋ የኮረኮንች አቧራና እርጥበት ይገባል፤ እንደ መስታወት ያበራ የነበረው አንጸባራቂ ይደበዝዛል። በጨርቅ እንዳትወለውሉት። ሽፋኑ በጣም ስስ አልሙኒየም ነው፣ አብሮ ይነሳል። ከደበዘዘ ወይም ከተላጠ ምንም ዓይነት አምፖል አያድነውም፤ ሙሉ መብራቱ ይቀየር። ጎማዋንም አብራችሁ ግዙ፣ ርካሽ ናት።

«ወደ ላይ ቀና ቢል ሩቅ ያሳያል»

የሚያሳየው የዛፍ ጫፍና የሰው ዓይን ነው። ፒክአፕ ደግሞ የራሱ ችግር አለው። ጭነት ሲጫን የኋላው ባሌስትራ ይወርዳል፣ አፍንጫው ይነሳል፣ መብራቱም አብሮ። ሁልጊዜ ጭነት የምታመላልሱ ከሆነ ጭናችሁ አስተካክሉት። ሜዳ ቦታ ላይ ከግድግዳ 10 ሜትር ርቃችሁ ቁሙ። የአጭር መብራቱ የላይኛው ጠርዝ ግድግዳው ላይ ከመብራቱ መሃል ከፍታ 10 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይረፍ። ማስተካከያ ብሎኖቹ ከዛጉ ቀድማችሁ ዘይት አጠጧቸው፤ በጉልበት ከዞሩ ይሰበራሉ።

«ለጭጋግ ረጅም መብራት፣ ካልሆነ ቢጫ አምፖል»

ጣርማ በር ላይ ጭጋግ ያገኘው ሾፌር ረጅሙን ሲያበራ ምን እንደሚሆን አይቷል። ነጭ ግድግዳ። ብርሃኑ ከጭጋጉ ጠብታዎች ላይ እየነጠረ ወደ ዓይን ይመለሳል። ቢጫ ቀለምም ጭጋግ ሰንጥቆ አያልፍም፤ ጠብታዎቹ ትልልቅ ስለሆኑ ሁሉንም ቀለም እኩል ይበትናሉ። የሚረዳው የመብራቱ ቦታ ነው። ከመኪናው የፊት መከላከያ ሥር ዝቅ ብሎ የተገጠመ፣ ወደ ጎን የሚሰፋ መብራት ከጭጋጉ በታች ያለውን የመንገድ ጠርዝ ያሳያል። እሱ ከሌለ አጭር መብራት ላይ ሆናችሁ፣ በሚታያችሁ ርቀት ውስጥ መቆም በምትችሉበት ፍጥነት ንዱ።