ሴሮቶኒን ምንድን ነው? ምግብስ ሙዳችንን እንዴት ይቀይራል?

«ሙዝ ብላ፣ ሴሮቶኒን አለው፣ ሙድህ ይስተካከላል።» ይህን ምክር ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። ሙዝ ውስጥ ሴሮቶኒን መኖሩ እውነት ነው። የበላነው ሴሮቶኒን ግን አንጎላችን ጋ አይደርስም።

ሴሮቶኒን ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው ኬሚካል ነው። የነርቭ ሴሎች መልእክት ይለዋወጡበታል፤ በስሜት፣ በእንቅልፍና በምግብ ፍላጎት ላይም እጁ አለበት። «የደስታ ሆርሞን» የሚሉት ለዚህ ነው። ትንሽ ተጋኗል። 90 በመቶ ያህሉ የሚመረተው አንጀት ውስጥ ነው፤ እዚያ ደግሞ ዋና ሥራው የአንጀትን እንቅስቃሴ ማስተካከል ነው። ከደስታ ጋር ብዙም አይተዋወቅም።

በደምና በአንጎል መካከል ጥብቅ አጥር አለ፤ ሴሮቶኒን አያልፈውም። ስለዚህ አንጎል የራሱን ራሱ ይሠራል። ጥሬ ዕቃው ትሪፕቶፋን የተባለ አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን ከሚገነባባቸው ጡቦች አንዱ) ነው። ይህን ሰውነት መሥራት ስለማይችል ከምግብ ነው የምናገኘው፦ ከእንቁላል፣ ከዓሣ፣ ከዶሮ፣ ከአይብ፣ ከባቄላ፣ ከለውዝ። እሱም ቢሆን ወደ አንጎል የሚገባው ከሌሎች አሚኖ አሲዶች ጋር ተጋፍቶ ነው። ጠዋት በተበላ አንድ እንቁላል ከሰዓት በኋላ ፈገግታ በፈገግታ መሆን የለም።

ታዲያ ምግብ ሙድ አይቀይርም ማለት ነው? ይቀይራል፤ መንገዱ ግን ሌላ ነው።

በጣም ግልጹ ስኳር ነው። አንድ ሰው ቁርስ ሳይበላ ኬክ በለስላሳ መጠጥ አወራረደ እንበል። የደሙ ስኳር ሽቅብ ይወጣል። ኢንሱሊን ይለቀቅና ስኳሩን ያወርደዋል፤ አንዳንድ ሰው ላይ ከሚገባው በታች ድረስ። ያኔ ሰውነት ደንግጦ አድሬናሊንና ኮርቲሶል ይለቃል። እነዚህ ስንጨናነቅ የሚለቀቁት ሆርሞኖች ናቸው። ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ያልባል፣ በሆነ ባልሆነው መነጫነጭ ይመጣል። ሰውየው ግን ያናደደው አጠገቡ የተቀመጠው የሥራ ባልደረባው ይመስለዋል። ጥራጥሬ፣ አትክልት፣ ያልተፈተገ እህልና ፕሮቲን ስኳሩ ወደ ደም ቀስ ብሎ እንዲገባ ስለሚያደርጉ ይህ መውጣትና መውረድ ይረግባል። ክፋቱ፣ በውጥረት ጊዜ የሚያምረን ጣፋጩና ቅባት የበዛበቱ ነው።

ሁለተኛው መንገድ አንጀት ውስጥ ባሉ ባክቴሪያዎች በኩል ነው። የምንበላውን አሰር (ፋይበር) ሲያብላሉ ብግነትን፣ ማለትም የሰውነትን መቆጣት፣ የሚቀንሱ አሲዶች ይሠራሉ። አንጀትን ከአንጎል የሚያገናኘው ቬገስ የተባለው ነርቭም አብዛኞቹ ክሮቹ ወሬ የሚያደርሱት ከታች ወደ ላይ፣ ከአንጀት ወደ አንጎል ነው። ደስ የሚል ነገር ነው፤ ግን ብዙው ማስረጃ ገና ከአይጥ ሙከራ የመጣ ስለሆነ «የአንጀት ባክቴሪያ ድብርት ያድናል» ለሚል ማስታወቂያ ኪስ አይከፈትም።

ሰው ላይ ከተደረጉት የሚጠቀሰው በ2017 የታተመው የአውስትራሊያ ጥናት ነው። ድብርት ያለባቸው 67 ሰዎች ለ12 ሳምንታት ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን አትክልት፣ ጥራጥሬ፣ ዓሣና የወይራ ዘይት ወደሚበዛበት አመጋገብ በባለሙያ ተመራ፤ ሌላው በዚያው ልክ ጨዋታና ወሬ የሚጋራው ሰው ተመደበለት። መጨረሻ ላይ ድብርቱ የለቀቃቸው ከመጀመሪያው ቡድን 32 በመቶ፣ ከሁለተኛው 8 በመቶ ሆኑ። ጥናቱ ትንሽ ነው። አብዛኞቹ ተሳታፊዎችም ሌላ ሕክምናቸውን እየተከታተሉ ስለነበር፣ ምግቡ በመድኃኒት ፋንታ ገባ ማለት አይደለም።

በእንክብል መልክ የሚሸጠው ትሪፕቶፋን ግን እንደ ምግብ አይታይ። የድብርት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ቢደርብበት ሴሮቶኒኑ ከልክ በላይ ሊጨምር ይችላል። ትኩሳት፣ መንቀጥቀጥና መቃዠት ያስከትላል፤ ሲከፋም ሕይወት ይነጥቃል።