ራጅ እንዴት ይፈጠራል?

ጅማ ውስጥ ከባጃጅ ወይም ከሞተር ወድቆ እጁ ያበጠ ሰው ቶሎ የሚታዘዝለት ራጅ ነው። ተነስቶ ቤቱ ሲገባ ጠያቂ ይሰበሰባል፣ ቡና ይፈላል፣ ወሬው ከስብራቱ ወደ ጨረሩ ይዞራል። «ማሽኑ ውስጥ እኮ ጨረር የሚተፋ ድንጋይ አለ» የሚል አይጠፋም። «ዛሬ ልጁን አትቀፍ፣ ጨረሩ ገና አልለቀቀህም» የሚልም አለ።

ሁለቱም ልክ አይደሉም። ራጅ ማሽን ውስጥ ተጠራቅሞ የሚጠብቅ ጨረር የለም። ጨረሩ እዚያው በኤሌክትሪክ ይመረታል። መብራት ከሄደ ምንም አይወጣም።

የድንጋዩ ወሬ ግን ዝም ብሎ ከመሬት የተነሳ አይደለም። ለካንሰር ሕክምና የሚውል የኮባልት 60 ማሽን አለ፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለዓመታት ሲሠራበት ነበር። እሱ ውስጥ በራሱ ጊዜ ጨረር የሚያመነጭ ቁስ አለ። ሶኬቱን ብትነቅለውም አያቆምም። የራጅ ማሽን ከዚያ ጋር አይገናኝም።

የራጅ ማሽን ዋናው ዕቃ አየሩ ተመጦ የወጣለት ቱቦ ነው። በአንዱ ጫፍ ቀጭን የቱንግስተን ሽቦ አለ። ሽቦው ሲግል ኤሌክትሮኖች፣ ማለትም ኔጋቲቭ የሆኑ ጥቃቅን የአቶም ክፍሎች፣ ከላዩ ላይ ይነሳሉ። ፊት ለፊቱ ደግሞ ሌላ ብረት አለ፤ ይሄም ብዙውን ጊዜ ቱንግስተን ነው። በሁለቱ መካከል ከፍተኛ ቮልቴጅ ይለቀቃል። ቤታችን የሚገባው 220 ቮልት ነው። ለጣት ራጅ 50 ሺህ ቮልት ገደማ ይበቃል፤ ለደረት ከ100 ሺህ በላይ መጠቀም የተለመደ ነው። በ100 ሺህ ቮልት የተገፋ ኤሌክትሮን ፍጥነቱ ከብርሃን ፍጥነት ግማሽ ያልፋል። አየሩ የሚወጣውም ለዚህ ነው፤ መንገዱ ላይ የሚጋጨው ነገር መኖር የለበትም።

ኤሌክትሮኑ ብረቱ ውስጥ ሲገባ ጨረር የሚወለድበት መንገድ ሁለት ነው።

አንደኛው መገታት ነው። የአቶሙ ኒውክሊየስ፣ ማለትም እምብርቱ፣ ፖዘቲቭ ስለሆነ በአጠገቡ የሚያልፈውን ኤሌክትሮን ይስበዋል። ኤሌክትሮኑ ይታጠፋል፣ ፍጥነቱም ይቀንሳል። ከጅሬን ቁልቁል የሚወርድ ባጃጅ ፍሬን ሲይዝ ፍሬኑ እንደሚግለው፣ የጠፋው ጉልበት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። እዚህ ጋ የሚሄደው ጨረር ሆኖ ነው። አንዱ ኤሌክትሮን በትንሹ ይገታል፣ ሌላው በብዙ። ስለዚህ ጉልበቱ የተለያየ ጨረር ይወጣል። በ100 ሺህ ቮልት ከተሠራ ግን ከ100 ሺህ ኤሌክትሮን ቮልት የሚበልጥ አይኖርም፤ አንድ ኤሌክትሮን ቮልት ማለት አንድ ኤሌክትሮን በአንድ ቮልት ሲገፋ የሚያገኘው ጉልበት ነው። ካስገባኸው በላይ አታወጣም።

ሁለተኛው መንገድ ግጭት ነው። መጪው ኤሌክትሮን ለኒውክሊየሱ ቅርብ ከሆኑት ኤሌክትሮኖች አንዱን መትቶ ያስወጣዋል። ባዶውን ቦታ ከላይ ያለ ኤሌክትሮን ወርዶ ይሞላዋል፤ ሲወርድ የተረፈውን ጉልበት በጨረር መልክ ይለቃል። የዚህ ጉልበት የተወሰነ ነው፤ ለቱንግስተን 59 ሺህ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ። ያን የውስጥ ኤሌክትሮን ለማስወጣት ግን ወደ 70 ሺህ ቮልት የሚጠጋ ያስፈልጋል። በ50 ሺህ ቮልት የተነሳ የጣት ራጅ ሙሉ በሙሉ ማለት ይቻላል የመጀመሪያው መንገድ ውጤት ነው።

እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ብክነቱ ነው። ከገባው ጉልበት 99 በመቶ ገደማው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ጨረር የሚሆነው አንድ በመቶ ቢሆን ነው። ቱንግስተን የተመረጠው አቶሙ ከባድ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን፣ ለመቅለጥ 3400 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሚፈልግም ነው። ያም ሆኖ አንድ ቦታ ብቻ ከተመታ ይጎዳል። ስለዚህ በብዙ ማሽኖች ብረቱ በደቂቃ በሺዎች የሚቆጠር ዙር የሚሽከረከር ዲስክ ነው። «ትንፋሽህን ያዝ» ከመባልህ አካባቢ የምትሰማው «እዝዝ» የሚል ድምፅ እሱ ነው።

ጀርመናዊው ፊዚሲስት ቪልሄልም ሮንትገን ይህን ጨረር ያገኘው በ1895 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ለዚህም በ1901 የመጀመሪያውን የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ወሰደ።

ባለሙያው ቮልቱን ከፍ ሲያደርግ ጨረሩ ዘልቆ የመግባት አቅሙ ይጨምራል። የሽቦውን ግለት ሲጨምር ደግሞ የጨረሩ ብዛት ያድጋል። ቁልፉን ሲለቅ ሁሉም ያበቃል፤ ሰውነት ውስጥ የሚቀር ጨረር የለም፣ ልጅም ማቀፍ ይቻላል። ጨረሩ የሰውነታችንን አቶሞች ሊነካ የሚችለው በሚያልፍባት ቅጽበት ነው። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ልሆን እችላለሁ ብላ የምትጠረጥር ሴት ለባለሙያው መንገር ያለባትም ራጅ ከመነሳቷ በፊት ነው።