የጥርስ ሕክምና ካርድ ላይ «36» ሲጻፍ ስንተኛው ጥርስ ነው?

የአዋቂ ጥርስ ሙሉ ቢሆን 32 ነው፤ ስለዚህ «ሠላሳ ስድስት» ሳይሆን «ሦስት፣ ስድስት» ብላችሁ አንብቡት። የመጀመሪያው አሃዝ የአፍን ሩብ ያሳያል፦ 1 ላይኛው ቀኝ፣ 2 ላይኛው ግራ፣ 3 ታችኛው ግራ፣ 4 ታችኛው ቀኝ። ቀኝና ግራው የታካሚው እንጂ ፊት ለፊቱ የቆመው ሰው አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛው አሃዝ ከፊት ጥርስ መሃል ወደ ኋላ ሲቆጠር ስንተኛ እንደሆነ ይናገራል፦ 3 ክራንቻ፣ 6 የመጀመሪያው ትልቅ መንጋጋ። 36 እንግዲህ ከታች በግራ ያ መንጋጋ ነው። አጠገቡ ያለው 35 ቢነቀልም ቁጥሩ አይለወጥም። በወተት ጥርስ ሩቦቹ ከ5 እስከ 8 ይባላሉ።

ከሰው ሰው የሚለያየው በየሩቡ መጨረሻ ያለው 8ኛው ጥርስ ነው፤ አንዳንድ ሰው ጭራሽ አያበቅለውም። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ከ1 እስከ 32 በተርታ ስለሚቆጠር 36 ያልነው ጥርስ 19 ይባላል።