ስለ ቢትልስ ሸክላዎችና ሽፋኖቻቸው የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የእንግሊዙ የሙዚቃ ቡድን ቢትልስ ከተበተኑ ከ50 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ሸክላዎቻቸውና ሽፋኖቻቸው ግን ዛሬም ይታደናሉ። ገበያው በደራ ቁጥር ወሬውም በዝቷል። ሰው በወሬ ብቻ ገንዘቡን ሲያወጣ፣ ከዚያ የባሰም ደህናውን ዕቃ ሲያበላሽ ማየት ያሳዝናል። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

“ሸክላው አሮጌ ከሆነ ውድ ነው”

አይደለም። የ1967ቱ “ሳርጀንት ፔፐር” በሚሊዮኖች ተሽጧል። ዕድሜው ብቻውን ብርቅ አያደርገውም። ከአልበሙ ጋር ሪዝና ባጅ እየተቆረጠ የሚወጣበት ካርቶን ነበር። ብዙ ልጆች ቆርጠው ተጫውተውበታል። ሳይቆረጥ የቆየ ካርቶን ያለው ቅጂ ሌላ ዋጋ አለው።

የ1963ቱን “ፕሊዝ ፕሊዝ ሚ” ደግሞ እዩት። የመጀመሪያዎቹ የእንግሊዝ ቅጂዎች መሃል ላይ ያለው ክብ ወረቀት ጥቁርና ወርቃማ ነው። ብዙም ሳይቆይ በጥቁርና ቢጫ ተተካ። ያኔ እንግሊዞች በብዛት የሚገዙት ሞኖ (ድምፁ በአንድ መስመር የተቀዳ) ስለነበር ወርቃማው ስቴሪዮ (በሁለት መስመር የተቀዳው) በጣም ጥቂት ነው። ሰብሳቢ ሁሉ የሚመኘው እሱን ነው።

“የተለጠፈበት ሽፋን ካገኘህ ላጠው”

እባካችሁ አትላጡት! ነገሩ እንዲህ ነው። በጁን 1966 የአሜሪካው ካፒቶል ኩባንያ “የስተርዴይ ኤንድ ቱዴይ” የተባለውን አልበም ሊያወጣ ተዘጋጀ። ለሽፋኑ የተመረጠው ሮበርት ዊታከር ያነሳው ፎቶ ነው። አራቱም ነጭ ጋውን ለብሰው፣ ጥሬ ሥጋና የተገነጣጠሉ አሻንጉሊቶች ይዘው ይታያሉ። አልበሙ ቀድሞ የደረሳቸው የሬዲዮ ሰዎችና ነጋዴዎች ተቆጡ። ካፒቶልም ሽፋኑን ሰበሰበ። ከዚያ በትልቅ የጉዞ ሻንጣ ዙሪያ የተነሱትን ሌላ ፎቶ አሳትሞ በብዙዎቹ ላይ ለጠፈበት።

ወሬው ሲሰማ ሰው በእንፋሎትም በጥፍርም መላጥ ጀመረ። ስንቱ ተቀደደ። ዛሬ ሰብሳቢዎች ሦስት ደረጃ ይለያሉ፦ ጭራሽ ያልተለጠፈበት፣ እንደተለጠፈ የቀረና የተላጠ። የመጀመሪያው ከሁሉም ይበልጣል። እንደተለጠፈ የቀረውም በየጊዜው እየተላጠ ስላለቀ ብርቅ ሆኗል። ሥሩ ምን እንዳለ ለማወቅ ደግሞ መላጥ አያስፈልግም። ከሻንጣው በስተቀኝ ያለውን ነጭ ቦታ በደንብ እዩ። የሥጋው ፎቶ ከሥሩ ካለ፣ ከበሮ መቺው ሪንጎ ከጋውኑ ሥር የለበሰው ጥቁር ሹራብ በሦስት ማዕዘን ቅርጽ ደብዘዝ ብሎ ይታያል።

“ቁጥር 1 በዓለም አንድ ብቻ ነው”

በ1968 የወጣውን፣ ሽፋኑ ነጭ ስለሆነ “ነጩ አልበም” የሚባለውን አልበም ሽፋን የነደፈው ሠዓሊው ሪቻርድ ሃሚልተን ነው። በየሽፋኑ ላይ ተራ ቁጥር ታትሞበት ነበር። ግን ቁጥሩ በተለያዩ አገሮች ለየብቻው ስለተጀመረ ትንንሽ ቁጥሮች ይደጋገማሉ። የሪንጎ ስታር የራሱ ቁጥር 1 ቅጂ በ2015 በጨረታ 790,000 ዶላር አውጥቷል። ያን ያህል ያስወጣው የሪንጎ መሆኑም ጭምር ነው። ስትገዙ አራቱ ፎቶዎችና ፖስተሩ ውስጡ መኖራቸውን አረጋግጡ። ብዙ ጊዜ የሚጠፉት እነሱ ናቸው።

“በዚያ ዘመን የተፈረመ ከሆነ የራሳቸው ፊርማ ነው”

ይህ ብዙ ሰው ያስከስራል። የፊርማ ጠያቂው ብዛት ከአቅም በላይ ሲሆን ረዳቶቻቸው ኒል አስፒናልና ማል ኢቫንስ በእነሱ ስም ይፈርሙ ነበር። ወረቀቱም ቀለሙም የዘመኑ ሊሆን ይችላል፤ እጁ ግን የሌላ ሰው ነው። ሻጩ የሚያሳያችሁ የምስክር ወረቀት ብቻውን አይበቃም። ፊርማው የት፣ መቼ፣ ለማን እንደተፈረመ የሚያሳይ ነገር ጠይቁ። የእያንዳንዳቸውን ፊርማ በዓመት በዓመቱ ለይቶ የሚያውቅ ባለሙያም ይየው።

“ፕላስቲክ ውስጥ ከገባ አይበላሽም”

እንደ ፕላስቲኩ ነው። ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ በጊዜ ብዛት ኬሚካል እየለቀቀ ሸክላውን ሊያደበዝዝ ይችላል። የፖሊፕሮፒሊን ወይም የፖሊኢትሊን መሸፈኛ ምረጡ። ሸክላዎቹን አትደራርቧቸው፤ አቁሟቸው። ከፀሐይና ከእርጥበትም አርቋቸው።