ሬዚን፦ በነዳጅ ጉድጓድ ውስጥ የሲሚንቶ አማራጭ

ሬዚን ማሸጊያ ሲሚንቶ ያልደረሰበትን የነዳጅ ወይም የጋዝ ጉድጓድ ክፍተት ለመድፈን በፈሳሽነት ወርዶ እዚያው የሚጠጥር ቁስ ነው። በብዛት የሚሠራበት ኢፖክሲ ሲሆን ፌኖሊክና ፉራንም አሉ። ሬዚን ከነዳጅ ጉድጓድ ጋር የተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ልቅ አሸዋ ከዘይቱ ጋር እንዳይወጣ ለማያያዝ ነበር፤ በማሸጊያነት የታወቀው ቆይቶ ነው።

የሲሚንቶ ድክመት ከቅንጣቶቹ ይጀምራል። በውሃ የተበጠበጠ ዱቄት በመሆኑ ወደ ቀጭን ስንጥቅ ሲገፋ ውሃው ያልፍና ዱቄቱ አፉ ላይ ይከመራል። መለኪያው ግፊቱ ማሻቀቡን ያሳያል፤ ሠራተኛው ሞላ ብሎ ያቆማል፤ ጋዙ ግን ውሎ አድሮ በዚያው መንገድ ይመለሳል። በተጨማሪም የሲሚንቶ የመወጠር ጥንካሬ ከመጨመቅ ጥንካሬው አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ነው። የጉድጓዱን ግድግዳ የሚደግፈው የብረት ቧንቧ በሙቀትና በግፊት ለውጥ ሲሰፋና ሲጠብ ግትሩ ሲሚንቶ መከተል ያቅተውና ይሰነጠቃል ወይም ይላቀቃል።

ንጹህ ኢፖክሲ ጠጣር ቅንጣት ስለሌለው ሲሚንቶ በማይገባበት ስንጥቅ ይገባል። ሲጠጥርም ከሲሚንቶ ይልቅ መተጣጠፍ ይችላል፤ አሲድም እንደ ሲሚንቶ አይበላውም። አንድ ሊትሩ 1.1 ኪሎ ግራም ገደማ ሲመዝን፣ ባራይት የተባለ ከባድ የማዕድን ዱቄት ያከብደዋል፣ ባዶ የመስታወት እንክብሎች ያቀሉታል። ባራይት ከገባበት ግን ቅንጣት አልባነቱ እንደቀረ መዘንጋት አይገባም።

ሥራው በሙቀት ልኬት ይጀመራል። ለ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የተቀመመ ድብልቅ 90 ዲግሪ ወዳለበት ጥልቀት ከወረደ ቦታው ሳይደርስ ሊጠጥር ይችላል። ቀጥሎ መጠኑ ይሰላል፦ 7 ኢንች ቧንቧ በ8.5 ኢንች ጉድጓድ ውስጥ ሲቆም በቧንቧውና በጉድጓዱ ግድግዳ መካከል ያለው ክፍተት በሜትር 11.8 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ለ30 ሜትር 350 ሊትር ያህል ማለት ነው። ሬዚን ከሲሚንቶ እጅግ ውድ ስለሆነ ስሌቱ በግምት አይሠራም። ከዚያ የቁፋሮ ጭቃው ቅሪትና የዘይቱ ሽፋን በሟሟ ፈሳሽ ይታጠባል፤ ቅባት ያለበትን ብረት ሬዚን አጥብቆ አይይዝም። ሬዚኑና ማጠንከሪያው በአምራቹ ምጥጥን ተቀላቅለው በቀጭን ቧንቧ፣ ጥቂት ሊትር ከሆነም በብረት ገመድ በሚወርድ ማፍሰሻ ዕቃ ይወርዳሉ። ፓምፑና መስመሩ ወዲያው በሟሟ ይታጠባሉ፤ ውሃ ብቻውን አይፈይድም።

ብዙ ጊዜ ሥራ የሚያበላሸው ማጠንከሪያ ጨምሮ ለማፋጠን መሞከር ነው። ትርፉ የሚጣመረው ሬዚን ስለማያገኝ መዝጊያው ደካማ ይሆናል፤ ፍጥነት የሚስተካከለው በማጠንከሪያው ዓይነትና በማፋጠኛው ነው። ድብልቁ ሲጠጥር ራሱ ሙቀት ያመነጫል። በርሜል ውስጥ ተከማችቶ ከዘገየ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ጥጥረቱን ያጣድፈዋል፤ ስለዚህ በትንሽ ኩባያ የተያዘ ናሙና የበርሜሉን ጊዜ አያሳይም። ያለቦታው የጠጠረ ሬዚን አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው በቁፋሮ ነው። ሬዚኑም ማጠንከሪያውም ቆዳን ሊያስቆጡ ስለሚችሉ ያለ ጓንትና ያለ ዓይን መከላከያ አይነኩም።

የሚያከራክረው ዕድሜው ነው። የኖርዌዩ ኖርሶክ ዲ-010 ደረጃ ለዘለቄታው የሚዘጋ ጉድጓድ መዝጊያው ፈሳሽ የማያሳልፍ፣ የማይኮማተርና ኬሚካልን የሚቋቋም እንዲሆን ይጠይቃል። በመጀመሪያውና በመጨረሻው መስፈርት ኢፖክሲ ይመሰገናል፤ ሲጠጥር በመጠኑ መኮማተሩ ግን በቀመር መታረም አለበት። የጉድጓዱ ሙቀት ሬዚኑ ከሚለሰልስበት ወሰን ካለፈ ክርክር የለም፤ ሌላ ቀመር ካልተገኘ ሲሚንቶ ይግባ፤ ከ110 ዲግሪ በላይ ከሆነም ከሲሚንቶው ክብደት 35 በመቶ ያህል የሲሊካ ዱቄት ይታከልበት።