አሊ የጣለው ሰውዬ ብቻ አይደለም፦ ስለ ጆርጅ ፎርማን የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ቅዳሜ ቅዳሜ ማኪያቶ የምንጠጣባት ጠባብ ቤት አለች። ወሬው ከኳስ ወደ ቡጢ ሲዞር ጋሼ የምንላቸው አንድ ጎረቤታችን ዳኛ ይሆናሉ። ባለፈው ሰሞን ጆርጅ ፎርማን ተነሳ። በመጋቢት 2025 በ76 ዓመቱ ያረፈው የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ማለቴ ነው። ክርክሩ ጦፈ፤ እኔም አላረፍኩም። እዚያ የተባለውን ከነመልሱ እነሆ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«አሊ ኪንሻሳ ላይ ጣለው፤ በቃ፣ አለቀለት።»

መሐመድ አሊ መጣሉስ እውነት ነው። ጥቅምት 1974 ነበር፤ እኛ አገር ንጉሡ ከወረዱ ሁለት ወር እንኳ አልሞላም። ፎርማን 25 ዓመቱ፣ አሊ 32። ፎርማን እስከዚያ 40 ጊዜ ተጋጥሞ 40ውንም አሸንፏል፣ 37ቱን በዝረራ። አሊ ገመዱን ተደግፎ እያስመታ አደከመው፣ በ8ኛው ዙር ዘረረው። ግን አላለቀለትም። በ1976 ሮን ላይልንም ጆ ፍሬዘርንም በ5ኛው ዙር አሸነፈ። ፍሬዘርን ሲረታው ሁለተኛው ነው። ጓንቱን የሰቀለው በ1977 ፖርቶ ሪኮ ላይ ጂሚ ያንግ በነጥብ ካሸነፈው በኋላ ነው። የዚያን ማታ መልበሻ ክፍል ውስጥ ሞቼ እግዚአብሔር መለሰኝ ብሎ፣ ሂውስተን ገብቶ ሰባኪ ሆነ። አሊ እዚህ ውስጥ የለበትም።

«የተመለሰው ለብር ነው፤ ቀበቶውንም በዕድል አገኘው።»

ብሩንማ ራሱም አልደበቀም። ሂውስተን ላይ ላቋቋመው የወጣቶች ማዕከል ገንዘብ ያስፈልገኛል ብሎ ነው በ1987፣ ከ10 ዓመት በኋላ የተመለሰው። ወፍሮ፣ ፀጉሩን ተላጭቶ። ተሳቀበት። በ1991 ከወቅቱ ሻምፒዮን ከኢቫንደር ሆሊፊልድ ጋር 12 ዙር ሙሉ ቆሞ በነጥብ ሲሸነፍ ሳቁ ቀዝቀዝ አለ።

ዕድል የተባለው የ1994ቱ የላስ ቬጋስ ግጥሚያ ነው። ሻምፒዮኑ ማይክል ሙረር 26 ዓመቱ ነው፤ ግራኝ ነው፣ ተሸንፎም አያውቅም። ፎርማን 45። የለበሰው ኪንሻሳ የለበሰውን ያንኑ ቀይ ቁምጣ ነው። ጥጉ ላይ የቆመለት ደግሞ ኪንሻሳ ላይ የአሊ አሰልጣኝ የነበረው አንጀሎ ደንዲ። (ይሄን ስናገር ጋሼ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።) እስከ 9ኛው ዙር ድረስ በሦስቱም ዳኞች ነጥብ ፎርማን ተመሪ ነበር።

10ኛውን ዙር ግን ልብ ብላችሁ እዩት። ሰውዬው አይቸኩልም። ግራውን ይሰነዝራል፣ ቀኙን ያስከትላል። ደግሞ ግራ፣ ደግሞ ቀኝ። ሙረር አሰልጣኙ ከፊቱ ዞር በል እያለው እዚያው ይቆማል። የመጨረሻዋ ቀኝ አጭር ናት፤ ክንዱ በቅጡ እንኳ አልተዘረጋም። አገጩን አገኘችው። ሙረር በጀርባው ተዘረረ፣ ዳኛው እስከ 10 ቆጠረ። ፎርማን ጥጉ ላይ ተንበርክኮ ጸለየ። ማታውን ሙሉ ሲለማመዳት የቆየ ምት ናት፤ እኔ ዕድል አልላትም።

«በዕድሜ ትልቁ ሻምፒዮን እሱ ነው።»

በከባድ ሚዛን አዎ። በሁሉም ሚዛን ከተባለ በ2011 በርናርድ ሆፕኪንስ በ46 ዓመቱ በቀላል ከባድ ሚዛን አልፎታል።

«ሀብቱ የቡጢ ነው።»

የመጥበሻ ነው! ስሙን የያዘው የኤሌክትሪክ ሥጋ መጥበሻ ከቡጢ የበለጠ አስገኝቶለታል። አምራቹ በ1999 ስሙን ለመጠቀም የተስማማው ወደ 137 ሚሊዮን ዶላር ነው።

አንዱ ደግሞ ፍሬዘርን መጀመሪያ አሸንፎ ሻምፒዮን ከመሆኑ በፊት ማን ያውቀው ነበር አለ። የተቀመጥነው ሜክሲኮ! ፎርማን የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘው በ1968 ሜክሲኮ ላይ ነው፤ የእኛ ማሞ ወልዴ ማራቶኑን ካሸነፈ ሳምንት ሳይሞላ።

«ሲያረጅ ተደብድቦ ወጣ» ያለም አልጠፋም። 81 ግጥሚያ፣ 76 ድል፣ 68ቱ በዝረራ። የመጨረሻው በ1997፣ በ48 ዓመቱ ከሻነን ብሪግስ ጋር ነበር። በነጥብ ተሸነፈ ተባለ፣ ያየው ሰው ግን እስከ ዛሬ ይከራከራል። በአጠቃላይ 5 ጊዜ ተሸንፏል፤ ከ5ቱ በዝረራ የተሸነፈው አንዴ ብቻ ነው።

«የት ላይ?» አሉ ጋሼ።

«ኪንሻሳ።»

«ታዲያ እኔስ ምን አልኩ?» ብለው ሂሳብ አስመጡ።