ሰኔና ሰኞ ሲገጥም ምን ማለት ነው? ከየትስ መጣ?

ሰውየው ከስራ ተቀነሰ፣ በዛው ሳምንት አከራዩ ኪራይ ጨመሩበት፣ ሳይውል ሳያድር ደሞ ልጁ ታመመበት። ይሄን የሰማ ጎረቤት ከንፈሩን መጠጥ አርጎ "ውይ፣ ሰኔና ሰኞ ገጠመበት" ይላል። ሁላችንም የምንለው ነው። ለየብቻ ሲመጡ እንደምንም የሚቻሉ ችግሮች ቀጠሮ የያዙ ይመስል አንድ ላይ ሲደርሱ ማለት ነው፣ ትርጉሙ ያን ያህል ከባድ አይደለም። እኔን ሁሌ የሚያሳስበኝ ግን ሌላው ነው፣ ለምን ሰኔ? ለምንስ ሰኞ? ሐምሌና ማክሰኞ ለምን አልተባለም? ሐምሌ እኮ ከሰኔ የባሰ ዝናብ አለው።

ብዙ ሰው የሚያውቀው መልስ "ሰኔ 1 ቀን ሰኞ ከዋለ ዘመኑ ክፉ ይሆናል" የሚለውን ነው። ያ ቀን በቀረበ ቁጥር በፌስቡክና በቴሌግራም ወሬው ይዞራል፣ ሰውም ከልቡ ይፈራል። እሱ ላይ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን ሰኔን ራሱን እንየው፣ ምክንያቱም ከተማ ላደግነው ሰኔ ማለት ጭቃና ጃንጥላ ነው፣ አባባሉ ግን ከገበሬ ቤት የወጣ ይመስለኛል።

አያቴ ጎጃም ገጠር ነው ያደገችው፣ ስለ ክረምት ስታወራ ዝናቡን ብዙም አታነሳውም፣ የምታወራው ስለ ጎታው ነው። እህሉ በታኅሣሥ በጥር ተወቅቶ ይገባል፣ ጎታው ይሞላል፣ ሰርጉም ዝክሩም ያኔ ነው፣ ከዛ ፋሲካ ያልፋል፣ ግንቦት ይመጣል፣ ሰኔ ሲገባ እጅሽን ጎታው ውስጥ ስትሰጂ የምታገኚው ግድግዳውን ነው ትለኛለች። የሚገርመው ግን ቤት ውስጥ እህል አለ። ዘር ነው። ተመርጦ፣ ለብቻው ታስሮ፣ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ተሰቅሎ የተቀመጠ ዘር። ልጅ እየራበው ያንን ዘር አለመንካት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት፣ እናት በሰኔ የምትኖረው እሱን እያየች ነው። ለኔ የአባባሉ ልብ እዚህ ጋ ነው ያለው።

ስራው ደሞ የሚበዛው በዛው ጊዜ ነው። መሬቱ ዝናብ ጠጥቶ ይለሰልሳል፣ ጤፍ የሚዘራበት ማሳ ደግሞ አንዴ ታርሶ አይተውም፣ ተደጋግሞ መታረስ አለበት። በሬዎቹ በጋውን ሙሉ በድርቆሽና በገለባ ስለከረሙ አጥንታቸው ወጥቷል፣ አዲሱ ሳር ገና አልበቀለም። ስለዚህ የራበው ሰው የከሳ በሬ ጠምዶ የዓመቱን ከባድ ስራ ይሰራል ማለት ነው። ከዛ በላይ ደሞ ሰማዩ አለ። ዝናቡ መጣ ብሎ ቶሎ ከዘራ በኋላ ዝናቡ ቢቋረጥ ዘሩ አፈር ውስጥ ይቀራል፣ ዘግይቶ ቢዘራ ደሞ ሰብሉ ሳያፈራ ክረምቱ ይወጣል። ያችን ልጅ እየራበው ያላስነካትን ዘር ነው መሬት ላይ የሚበትነው፣ ውሳኔው ቀላል አይደለም።

በቤተክርስቲያን አቆጣጠር ዘመነ ክረምት የሚገባው ሰኔ 26 ነው፣ ገበሬው ግን እስከዛ አይጠብቅም፣ ለሱ ሰኔ ከገባ ክረምት ገብቷል። ሐምሌ ያልተባለበትም ምክንያት ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል። ሐምሌ ላይ ዶፉ ይብሳል፣ ወንዙ ይሞላል፣ ግን ብዙው ዘር መሬት ገብቷል፣ ሳሩ ለምልሟል፣ በሬው ይጠግባል፣ ጓሮ ጎመን ይገኛል። የሐምሌ ዝናብ ተስፋ ያለው ዝናብ ነው። ሰኔ ግን ባዶ ጎታ፣ የከሳ በሬና ያልታወቀ ሰማይ ነው።

ሰኞስ? ሰኞ ያው የስራ መጀመሪያ ነው፣ ቅዳሜና እሁድ በሬ የማይጠመድበት አገር ላይ ሰኞ ማለት ሞፈርና ቀንበር ተሸክሞ መውጣት ነው። ሰኔ ብቻውን ይከብዳል፣ ወሩ በሰኞ ሲጀምር ደሞ ለመተንፈሻ አንድ ቀን እንኳን ሳይሰጥ ነው የሚገባው። እኔ አንድ ቀን ካላንደር ይዤ ስቆጥር ሌላ ነገር አገኘሁ፣ ይሄ የኔ ሒሳብ ነው እንጂ ከአባቶች የሰማሁት አይደለም። የኛ ወር ከጳጉሜ በቀር ሁሌም 30 ቀን ስለሆነ ሰኔ 1 ሰኞ ከዋለ ወሩ አምስት ሰኞና አምስት ማክሰኞ ይኖረዋል፣ ቅዳሜና እሁድ ግን አራት አራት ብቻ። በዛ ላይ በወር በወሩ የሚከበሩት በዓላት አሉ፣ ገበሬው ከእርሻ የሚያርፍባቸው። ወሩ በሰኞ ሲጀምር 7 ሥላሴ እሁድ ይውላል፣ 21 ማርያም እሁድ ይውላል፣ 27 መድኃኔዓለም ቅዳሜ ይውላል። ሦስቱም ድሮውንም የማይታረስባቸው ቀናት ላይ ወደቁ ማለት ነው፣ እረፍቱ ተበላ። አባባሉን ያወጡት ሰዎች ይሄን ቆጥረውት ይሁን አይሁን አንድ ነገር እርግጠኛ ነኝ፣ ወገባቸው ያውቀዋል።

አሁን ወደ ክፉ ዘመኑ እንመለስ። ሰኔ 1 ሰኞ የሚውለው መስከረም 1 ሐሙስ የዋለ ዓመት ላይ ነው፣ መሃላቸው 9 ወር ማለትም 270 ቀን አለ፣ 38 ሳምንት ከ4 ቀን። ስለዚህ ሰኔና ሰኞ የሚገጥመው በ5፣ በ6 ወይ በ11 ዓመት ነው፣ 1990 ላይ ነበር፣ ከዛ 2001፣ 2007፣ 2012፣ 2018፣ ቀጥሎ እስከ 2029 የለም። ዝርዝሩን ያየ ሰው ቢፈራ አልፈርድበትም። በ1990 ሰኔ ሲገባ ከኤርትራ ጋር የተጀመረው ጦርነት ገና ትኩስ ነበር። 1979ም ሰኔ 1 ሰኞ ነው፣ የዛ ዓመት ክረምት ሰሜኑ ላይ ዝናብ ቀርቷል። በ2007 ደሞ ኤልኒኖ የፓሲፊክን ውሃ አሙቆ የኛን የክረምት ዝናብ አዳከመው፣ በ2008 የምግብ እርዳታ የሚፈልገው ሰው ከ10 ሚሊዮን በላይ ደረሰ።

ግን ሌላውንም ጎን ማየት አለብን። ለ1977ቱ ረሃብ ምክንያት የሆነው የ1976 ክረምት ሲገባ ሰኔ 1 ዓርብ ነበር። የወሎው ረሃብ በበረታበት በ1965ም ሰኔ 1 ዓርብ ነበር። ያንን ሁሉ ሕዝብ የጨረሱት ዓመታት ከሰኞ ጋር ምንም ግንኙነት የላቸውም፣ ስለዚህ ይሄን አባባል እንደ ትንቢት ይዞ ሰው ማስፈራራት ልክ አይመስለኝም፣ ትክክለኛው ቃል እኮ እዛው ውስጥ አለ፣ "ገጠመ" ነው የሚለው። የተሸከመ ሰው ላይ ሌላ ሸክም ተደረበበት ነው እንጂ ቀኑ ረገመው አይልም።

አንዳንዱ ደሞ ከ"ከድጡ ወደ ማጡ" ጋር ያምታታዋል። ሁለቱም የክረምት ልጆች ናቸው፣ ግን ይለያያሉ። ድጥ የሚያንሸራትተው እርጥብ መሬት ነው፣ ማጥ ደሞ እግር ይዞ የሚያስቀረው ረግረግ፣ ስለዚህ እሱ ከአንዱ ለማምለጥ ስትል ወደባሰው መግባት ነው። ሰኔና ሰኞ ላይ ግን የትም አልሄድክም፣ ቆመህ ባለህበት ነው ሁለቱ የሚገናኙብህ። ስለ ቃል ካነሳን አይቀር "እንዴት ከረማችሁ" የምንለው ሰላምታም ከክረምት ጋር አንድ ስር ያለው ነው፣ ወንዝ ሞልቶ ዘመድ ከዘመድ ሳይገናኝ ከርሞ መስከረም ላይ ሲተያይ መጀመሪያ የሚጠየቀው ክረምቱን እንዴት እንዳለፈው ነበር።

ከተማም የራሱ ሰኔ አለው። የመንግስት በጀት ዓመት የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው፣ የሂሳብ ክፍል ሰዎች በዛ ወር ቤታቸው ሲመሽ ነው የሚገቡት፣ ትምህርት ቤትም የሚዘጋው በዛው ሰሞን ነው፣ ፈተናው፣ ውጤቱ፣ የሚቀጥለው ዓመት ክፍያ።

2012 ላይ ሰኔ 1 ሰኞ ዋለ፣ የሰኔ ጾምም የገባው በዛው ቀን ነበር፣ ኮሮናው አለ፣ አንበጣው አለ፣ ሰፈሩ ሁሉ በማስክ ስር "ሰኔና ሰኞ" ይባባላል። እኔም ፈርቼ ስለነበር አያቴን ጠየቅኳት። ምንም አልመለሰችልኝም፣ ስልኬን ተቀብላ ገጠር ላለው ወንድሟ ደውዪልኝ አለች፣ ደወልኩላት። ስለ በሽታው ከመጠየቋ በፊት "ዘንቦላችኋል ወይ?" አለችው። አዎ፣ ከግንቦት ጀምሮ እየጣለ ነው፣ በቆሎው ወጥቷል፣ የጤፉ መሬት እየታረሰ ነው አላት። ዘሩስ ብላ ጠየቀች፣ አለ አላት። ከዛ "ታዲያ ምኑ ነው ሰኔና ሰኞ" ብላ ስልኩን መለሰችልኝ።